ዊልቸር ለምን በልክ ይሰጣል?

በዊልቸር የተቀመጠው ሰው ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል። ባለሙያዋ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ጣቶቿን ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር ታስገባለች። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ክብደቱ በጣቶቿ ላይ ያርፋል። አሁን የጣቶቿን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ለማነቃነቅ ትሞክራለች። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከተነቃነቁላት ትራሱ ደህና ነው። መነቃነቅ አቅቷቸው ግን በቀላሉ ተንሸራተው ከወጡ ማስጠንቀቂያ ነው። ተጨፍልቀው ከተያዙ ያ ትራስ ለዚያ ሰው አይሆንም። በሌላው ጎንም ይህንኑ ትደግማለች።

ለዚህ ምርመራ ከእጅ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ዊልቸር ለሚሰጡ ባለሙያዎች ባዘጋጀው መሠረታዊ ሥልጠና ውስጥ ይገኛል። ከዚህ የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች መንቀሳቀሻ ቴክኖሎጂ ሲወራ ቀድሞ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው እግር ላይ የሚለበስ ሮቦት ወይም ደረጃ የሚወጣ ወንበር ነው። እነሱም አሉ፤ ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ። የዘርፉ ሰዎች ግን፣ መሐንዲሱም ፊዚዮቴራፒስቱም የመብት ተሟጋቹም፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታገሉት ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ጋር ነው፦ ይህ ዕቃ ለዚህ ሰው፣ በሚኖርበት ቦታ፣ በልኩ ነው ወይ?

ሁላችንም ስንቀመጥ ሳናውቀው እንቁነጠነጣለን። አንድ ቦታ ላይ ግፊት ሲበዛ ሰውነታችን ይነግረናል፤ እኛም ሳናስበው ወደዚህ ወደዚያ እንላለን። ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው ግን ይህ መልእክት አይደርሰውም። አጥንቱ ከውስጥ፣ ወንበሩ ከውጭ ሥጋውን ሲጫኑት ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋው መሞት ይጀምራል። መጀመሪያ ቆዳው ላይ መቅላት ወይም መጥቆር ይታያል፤ ቀጥሎ ይቆስላል፤ ቁስሉ እየጠለቀ አጥንት ድረስ ሊደርስ ይችላል። በተለምዶ የመኝታ ቁስል የምንለው ይህ ነው። ከተመረቀዘ ደምን ይመርዛል፤ ሰው ይገድላል። በወራት የሚቆጠር አልጋ ላይ መተኛት፣ ከሥራና ከትምህርት መቅረት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ይህ ሁሉ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ የማይሆን ትራስ ነው።

ስለዚህ «ምንም ከሌለው ይሻላል» ተብሎ ያለ ልክ የሚሰጥ ዊልቸር ሁልጊዜ ከምንም አይሻልም። ይህን ስል የሰጪዎችን ደግነት ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን በሆስፒታል ኮሪደር በሽተኛን ከክፍል ወደ ክፍል ለመውሰድ የተሠራ ወንበር አለ፤ ሰው ለአሥር ደቂቃ ይቀመጥበታል፣ ሌላ ሰው ይገፋዋል። ያንኑ ወንበር ቀኑን ሙሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚቀመጥበት ሰው መስጠት ማለት በሰው ጫማ ዕድሜ ልክ ሂድ እንደ ማለት ነው።

ልክ ሲባል ምንድን ነው?

መቀመጫው ከዳሌው ከሰፋ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል፤ ከጊዜ በኋላ ጀርባው ይጣመማል። ጎማዎቹም ስለሚርቁበት ክንዱን ከፍቶ እንዲገፋ ይገደዳል። ከጠበበ ደግሞ ዳሌው ይፈገፈጋል። የመቀመጫው ጥልቀት ከበዛ ጫፉ የጉልበቱን ኋላ ይጫነዋል፤ ሰውየው ያን ለመሸሽ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጀርባው ይጎብጣል። በጉልበቱ ኋላና በመቀመጫው ጫፍ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ጭኑ ከትራሱ ይነሣና ክብደቱ ሁሉ በመቀመጫ አጥንቱ ላይ ይከመራል። ዝቅ ካለም እግሩ ይንጠለጠላል። አንዱ ሲዛባ ሌላውን እየጎተተ ያዛባል፤ ለዚህ ነው አንዱን ብቻ አስተካክሎ መተው የማይቻለው።

አሁን ወደ ጎማዎቹ እንምጣ። የኋላው ትልቅ ጎማ አክስል (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) የሚተከልበት ቦታ ለአንድ ዊልቸር ጠባዩን የሚሰጠው ነገር ነው። አክስሉ ወደ ኋላ ከራቀ ወንበሩ ወደ ኋላ አይገለበጥም፤ ነገር ግን ክብደቱ በትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ለመግፋትም ለማዞርም ይከብዳል። ወደ ፊት ሲመጣ ክብደቱ ወደ ትልቁ ጎማ ይዞራል፣ የፊቶቹ ይቀላሉ፣ ወንበሩ በትንሽ ግፊት ይሄዳል፤ በምትኩ ተጠቃሚው ሚዛን መጠበቅ መልመድ አለበት። ለአንዱ የሚሆነው ቦታ ለሌላው አደጋ ነው። እግሮቹን ያጣ ሰው ከፊት የሚመዝነው ክብደት ስለሌለው አክስሉ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው የሰጠው ወንበር ትንሽ አቀበት ላይ ይገለብጠዋል።

የትከሻም ነገር አለ። ትከሻ የተፈጠረው ዕቃ ለማንሣትና ለመድረስ እንጂ የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ ለመሄድ አይደለም። በእጁ ዊልቸር የሚገፋ ሰው በቀን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የጎማውን መግፊያ ቀለበት ይይዛል፣ ይገፋል፣ ይለቃል። ከዓመታት በኋላ ትከሻው ሲያልቅ እግሩን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣ ያህል ነው። ይህን ጉዳይ በቁጥር ያሳየው ሮሪ ኩፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጦር አባል ሳለ ብስክሌት ሲነዳ አደጋ ደርሶበት ሕብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከዚያ መሐንዲስነቱን ቀጠለ፤ በ1988 የሴኡል ፓራሊምፒክ በዊልቸር ሩጫ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ፤ በፒትስበርግ ትልቅ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። እሱና ባልደረቦቹ የሠሩት ባለ መለኪያ ጎማ እጅ ቀለበቱን በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ይመዘግባል። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚያስተምሩት አገፋፍ የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ነው፦ አጭርና ፈጣን ምት ሳይሆን ረጅምና ለስላሳ ግፊት፣ ከዚያ እጅን ከቀለበቱ በታች ዝቅ አድርጎ መመለስ።

ከተቀመጡበት የመጣ ዕውቀት

የዘርፉን ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ የሚያስደንቀኝ፣ ትልልቆቹ ለውጦች ስንት ጊዜ ከተጠቃሚው ከራሱ እንደመጡ ነው። ታጣፊውን የብረት ዊልቸር በ1933 ያወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ በማዕድን ማውጫ አደጋ ጀርባው የተሰበረው የማዕድን መሐንዲስ ኸርበርት ኤቨረስትና ጓደኛው ሃሪ ጄኒንግስ። ኤቨረስት የፈለገው መኪና ውስጥ የሚገባ ወንበር ነበር። ከመቀመጫው ሥር በመስቀል የተጋደሙ ሁለት ዘንጎች ወንበሩን እንደ መቀስ ያጥፉታል፤ ይህ ንድፍ እስከ ዛሬ ዓለምን የሞላው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰለው ካናዳዊ ጆን ካውንሴል መንግሥት ለጉዳተኛ ወታደሮች ይህን ታጣፊ ወንበር እንዲገዛ ተሟገተ፤ ተሳካለትም። መሐንዲሱ ዕቃውን ይሠራል፣ ተሟጋቹ ዕቃው ሰው ዘንድ እንዲደርስ ያደርጋል፤ የዘርፉ ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ቅብብል ነው።

ያ ወንበር ግን ከባድ ነበር፤ ገበያውንም ለረጅም ጊዜ የያዘው አንድ ኩባንያ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ1977 ኩባንያውን በውድድር ሕግ ከሰሰው። በዚያው ሰሞን ነው ማሪሊን ሃሚልተን በተንጠልጣይ ክንፍ ስትበር ወድቃ ሕብለ ሰረሰሯ የተጎዳው። የተሰጣት ወንበር አልሆነላትም፤ ክንፉን ከአሉሚኒየም ይሠሩ የነበሩ ሁለት ጓደኞቿን በዚያው ብረት ዊልቸር እንዲሠሩላት ጠየቀች። ክብደቱ ከተለመደው በግማሽ ገደማ የቀነሰ፣ ቀለም ያለው፣ ሰው የራሴ ብሎ የሚያምርበት ወንበር ወጣ። ዛሬ በየትኛውም ስፖርት ሜዳ የሚታዩት ቀላልና ጠንካራ ዊልቸሮች የዚያ ወንበር ዘመዶች ናቸው።

ከሁሉ የምወደው የራልፍ ሆችኪስ ታሪክ ነው። ሆችኪስ ተማሪ ሳለ በ1966 በሞተር ሳይክል አደጋ ተጎዳ። ያገኘው ወንበር የእግረኛ መንገድ ስንጥቅ መሻገር አልቻለም። ወንበር መሥራት ጀመረ። በ1980 ኒካራጓ ሲሄድ አንድ ዊልቸር ለአራት የሚጋሩ ወጣቶች አገኘ፤ ወንበሩን በየጊዜው እየጠገኑ፣ እያሻሻሉ፣ በተራ ይጠቀሙበት ነበር። ሆችኪስ አስተማሪ ሆኖ ሄዶ ተማሪ ሆነ፤ ወጣቶቹ ያደረጉት ማሻሻያ እሱ ከሠራው የሚበልጥ ነበረና። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጋር ሆነ። ዊርልዊንድ የተባለው ድርጅቱ በየአገሩ ካሉ ትንንሽ ወርክሾፖች ጋር ይሠራል፤ አንዱ የፈጠረውን ለሌላው ያዳርሳል። ለምሳሌ ዚምባብዌ ውስጥ የተፈጠረው ወፍራምና ሰፊ የላስቲክ የፊት ጎማ አሸዋና ጠጠር ውስጥ አይሰምጥም፤ ተራ ወርክሾፕም ሊያመርተው ይችላል።

ስለዚህ የፊት ጎማ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ነገሩን በቅርብ ያሳያል። ጠባብና ጠንካራ የፊት ጎማ ሆስፒታል ወለል ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። አፈር ላይ ሲወጣ ግን ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጣት በማይሞላ ስፋት ላይ ያርፍና መሬቱን እንደ ቢላ ይቆርጣል። ድንጋይ ሲያገኘው ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወንበሩ ሲቆም ሰውየው አይቆምም፤ ወደ ፊት ይወድቃል። ሆችኪስና ጓደኞቹ ያወጡት ራፍራይደር የሚባለው ወንበር የፊት ጎማዎቹን አሰፋ፣ ከኋላዎቹም አራቃቸው። ርቀቱ ሲጨምር የመገልበጥ ነገር ይቀንሳል። የኋላው ጎማም ከብስክሌት ጎማ ጋር አንድ ነው፤ ላስቲክና ካላማዳሪው ሲቀደድ ብስክሌት ባለበት ሁሉ መለዋወጫው አለ። ኩሽኔታውም ከየትም የሚገኝ ዓይነት ነው። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ከንድፉ ብልሃት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው አሞስ ዊንተር በሌላ መንገድ ሄደ። ክንድ ረጅም ዘንግ ሲገፋ ጎማ ከሚያዞርበት ይልቅ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። የሱ ቡድን የሠራው ባለ ሦስት ጎማ ወንበር በሁለት ዘንጎች ይነዳል፦ ዘንጉን ከላይ ስትይዘው ጉልበት ታገኛለህ፣ አቀበት ትወጣለህ፤ ዝቅ አድርገህ ስትይዘው ፍጥነት ታገኛለህ። ማርሹ የራስህ እጅ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ሲሞከር ተጠቃሚዎቹ ከባድ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቤት ውስጥ አይሆንም አሉ። ትክክል ነበሩ፤ ሰው ረጅም መንገድ ቢሄድም ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ቤት ውስጥ ነው። ንድፉ ተቀየረ፤ ጠበበ፣ ቀለለ፤ ዘንጎቹ ተነቅለው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡ ሆኑና ቤት ውስጥ እንደ ተራ ዊልቸር እንዲገፋ ተደረገ።

በሰው ሠራሽ እግርም ነገሩ ያው ነው። በ1968 ሕንድ ውስጥ ጃይፑር ከተማ ላይ ፕራሞድ ካራን ሴቲ የተባለ የአጥንት ሐኪምና ራም ቻንድራ ሻርማ የተባለ የእጅ ጥበብ ባለሙያ አንድ እግር አወጡ። ከውጭ የሚመጣው እግር ጫማ ለሚያደርግ፣ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው የታሰበ ነበር። የነሱ የላስቲክ እግር በባዶ እግር ይሄዳል፣ እርጥብ ማሳ ይረግጣል፣ ቁጢጥ ብሎና እግር አጣጥፎ መቀመጥም ያስችላል። ሐኪሙ የሰውነትን አሠራር ያውቃል፣ የእጅ ባለሙያው ላስቲክን ያውቃል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይወልደውም ነበር።

ሰው ሠራሽ እግር ሲነሣ ዓይን የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው፤ ዋናው ግን ከላይ ያለው ሶኬት ነው፣ ማለትም የቀረው የእግር ክፍል የሚገባበት ቅርፊት። ሶኬቱ ካልገጠመ የዓለም ውድ እግርም ማዕዘን ላይ ይቀመጣል። የሰው አካል ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፦ ይከሳል፣ ይወፍራል፣ ጠዋት ያበጠው ማታ ይሟሽሻል። እያደገ ያለ ሕፃን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ አዲስ ያስፈልገዋል። አዋቂም ቢሆን በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይቀይራል። አንድ ጊዜ እግር ማደል ሥራው ገና መጀመሩ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ይህን ስላወቀ ርካሽና በቀላሉ የሚቀረጽ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ መጠቀም ጀመረ። ካቡል ባለው የአካል ድጋፍ ማዕከሉ ደግሞ ሠራተኞቹ በአብዛኛው ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። እግሩን ገና ያጣ ሰው ሲመጣ የሚለካው ሰው በሰው ሠራሽ እግር ቆሞ ነው።

ሞተር ሲገባ

ክንዱም የማይታዘዝለት ሰውስ? ለዚህ የካናዳ ብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን ከጦርነቱ በኋላ አንገታቸው ላይ ለተመቱ ወታደሮች የኤሌክትሪክ ዊልቸር ሠራ። ዛሬ እንዲህ ያለ ወንበር በእጅ በሚያዝ ጆይስቲክ (ትንሽ መንጃ ዘንግ) ብቻ አይነዳም፤ በአገጭ፣ ከራስ ጀርባ በተተከሉ ሰሌዳዎች፣ በቱቦ በመተንፈስና በመሳብ ይነዳል። ወንበሩን ወደ ኋላ ማጋደል ሲቻል ሰውየው የሌላ ሰው እጅ ሳይጠብቅ ክብደቱን ከመቀመጫ አጥንቱ ያነሣል። የጣት ምርመራው የሚያጣራው የግፊት ችግር በሞተር ተቃለለ ማለት ነው።

ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚገፋው ረዳት ነበረው። በኋላ ፍቅር ያዘው፤ ከሚወዳት ሴት ጋር ሲሆን ሌላ ሰው ከኋላው መቆሙን ጠላ። የኤሌክትሪክ ዊልቸር መንዳት በአንድ ቀን ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ራሱ ያለው አመለካከት እንደተለወጠ ራሱ ተናግሯል። ሕይወቱ ወደ ሕዝብ ሥራም አመራው፦ በ1972 በርክሌይ ላይ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የሚመሩት የነጻ ኑሮ ማዕከል ተቋቋመ፤ እሱም ከመሪዎቹ አንዱ ሆነ።

ይህ ለሕፃናትም ይሠራል፤ ብዙ ወላጅ ግን አያውቀውም። ሕፃን መዳህ ሲጀምር የሚያድገው ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ዕቃ ጋ ሄዶ መንካት፣ ከእናት ርቆ መመለስ፣ ወደ እኩዮቹ መጠጋት አእምሮን ይገነባል። በ1980ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች የኤሌክትሪክ ዊልቸር መንዳት እንደሚማሩ አሳይተዋል። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኮል ጋሎዌይ ደግሞ የመጫወቻ መኪና ላይ ትልቅ ቁልፍና የጀርባ ድጋፍ እየገጠመ ለትንንሽ ልጆች መስጠት ጀመረ። «ሲያድግ ይሰጠዋል» የሚለው ምክር ልጁ በጣም የሚፈልገውን ጊዜ ያሳልፍበታል።

መንገዱም የመሣሪያው ክፍል ነው

በዓለም ምርጡን ዊልቸር 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ደረጃ ያቆመዋል። በብዙ አገር ያለው የራምፕ (በደረጃ ፈንታ ለጎማ የሚሠራ ተዳፋት) ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፦ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ስለዚህ ያ አንድ ደረጃ አንድ ሜትር ከሰማንያ ራምፕ ይፈልጋል። ብዙ ሕንፃ በር ላይ የምናየው ሲሚንቶ ግን አንድ እርምጃ የማይሞላ ነው፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ራምፕ አለ ይላል፣ በክንዱ የሚገፋው ሰው ግን አቀበቱ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ሊሠራ የታሰበ ራምፕ ሳይለካ መሠራቱ ገንዘቡን ከማውጣት አላዳነም፤ ሰውየውን ግን ደጅ አስቀርቶታል።

ይህ በመሐንዲስ ብቻ የሚፈታ አይደለም። አሜሪካ በ1973 ያወጣችው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክል ነበር፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ለዓመታት ሳይፈረም ቆየ። በሚያዝያ 1977 የመብት ተሟጋቿን ጁዲ ሂውማንን ጨምሮ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሳን ፍራንሲስኮ ያለ የመንግሥት ሕንፃ ገብተው ለአራት ሳምንት ገደማ አንወጣም አሉ። ከመካከላቸው ያለ ትራስ፣ ያለ መድኃኒታቸውና ያለ ረዳታቸው መሬት ላይ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ከላይ ስለ ቁስሉ ያነበበ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደንቡ ተፈረመ። በ1990 ደግሞ በሥራም በሕዝብ መገልገያም አድልዎን የሚከለክለው ሰፊው የአገሪቱ ሕግ ወጣ።

«ያለ እኛ ስለ እኛ ምንም አይደረግ» የሚለው የተሟጋቾቹ መፈክር በታኅሣሥ 2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ሲረቀቅ በተግባር ታየ፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በድርድሩ ተቀምጠው ነበር። አንቀጽ 20 ስለ መንቀሳቀስ ብቻ ይናገራል። ሰው በመረጠው መንገድ፣ በመረጠው ጊዜ፣ አቅሙ በሚችለው ዋጋ እንዲንቀሳቀስ መንግሥታት ያመቻቹ ይላል፤ ለተጠቃሚውም አብሮት ለሚሠራው ባለሙያም ሥልጠና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ዊልቸር ከችሮታ ወደ መብት የተሻገረበት ጽሑፍ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው መመሪያ ይህን ወደ ሥራ አወረደው። ዊልቸር መስጠት ስምንት ደረጃ አለው ይል ነበር፦ ሰውየው ይላካል፣ ይመረመራል፣ ምን እንደሚያስፈልገው ይወሰናል፣ ገንዘቡ ይገኛል፣ ዕቃው ይዘጋጃል፣ በልኩ ይገጠምለታል፣ አጠቃቀሙን ይሠለጥናል፣ በመጨረሻም ክትትልና ጥገና ያገኛል። ዕቃው ራሱ ከስምንቱ አንዱ ብቻ ነው። ወንበር ቆጥሮ «ይህን ያህል አደልን» የሚል ሪፖርት ስናይ የቀሩት ሰባቱ የት ደረሱ ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

ክፍተቱ ሰፊ ነው። ድርጅቱ ከዩኒሴፍ ጋር በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያም በዚህ ይቆጠራሉ። ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙም። በአንዳንድ ሀብታም አገሮች ከሚያስፈልጋቸው 90 በመቶው ሲያገኙ በአንዳንድ ድሆች 3 በመቶው ብቻ ያገኛሉ። ዊልቸር የሚያስፈልጋቸው ብቻ 80 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

አሁን ወደ ሮቦቱ። ወገብና እግር ላይ ታጥቆ የሚያራምደው ልብስ፣ ኤግዞስኬልተን የሚባለው፣ እውነተኛ ሥራ ነው። ሪዎክ የተባለውን የፈጠረው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር ራሱ በአደጋ እጅና እግሩ የተጎዳ ነው። መሣሪያው በክራንች መደገፍ ስለሚጠይቅ ፈጣሪው ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም፤ ሆኖም ለሌሎች አደረሰው፤ በ2014 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቀደው። ቆሞ መሄድ ለአጥንት፣ ለአንጀት፣ ለመንፈስም ሊጠቅም ይችላል። ነገር ግን አዝጋሚ ነው፣ ውድ ነው፣ አሁን ባለበት የዊልቸርን ቦታ አይተካም። ካሜራው ሁሉ ወደሱ መዞሩ ያሳስበኛል። በ2004 በታተመ አንድ ጥናት የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በመጀመሪያ ምን እንዲመለስላችሁ ትፈልጋላችሁ ተብለው ተጠይቀው፣ አራቱም እጅና እግራቸው ከተጎዳው ግማሽ ያህሉ ከመራመድ በፊት የክንድና የእጅ አገልግሎት ብለዋል። መራመድን ከሁሉ በላይ ያደረግነው እኛ የምንራመደው ነን። በሁለት ጎማ የሚቆመውና ደረጃም የሚወጣው አይቦት የተባለው ዊልቸርም በ2003 ተፈቅዶ፣ ዋጋው ከ20,000 ዶላር በላይ ሆኖ፣ የሚከፍልለት መድን ስላጣ በ2009 ማምረቱ ቆሞ ነበር። ከዓመታት በኋላ ነው የተመለሰው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥገና ነው፤ ብዙ ሰው ሊያነሣው የማይወደውም እሱ ነው። የዊልቸር ጎማ ሲፈነዳ፣ ብሎን ሲላላ፣ ባትሪ ሲሞት ሰውየው ቤት ይቀራል። መለዋወጫ የሌለው ዊልቸር በወራት ውስጥ ብረት ይሆናል። በአውሮፕላን የሚጓዙትም ያውቁታል፦ ወንበራቸው ከዕቃ ጋር ተጭኖ ተሰብሮ ይወርዳል። ይህ ለረጅም ጊዜ የየሰው ስሞታ ብቻ ነበር። ኢራቅ ውስጥ ሁለት እግሮቿን ያጣችው የአሜሪካ ሴናተር ታሚ ዳክዎርዝ አየር መንገዶች ቁጥሩን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አስወጣች፤ በ2019 ብቻ የአገሪቱ አየር መንገዶች ከ10,000 በላይ ዊልቸርና ስኩተር መጉዳታቸው ወይም ማጥፋታቸው ታወቀ።

የኤሌክትሪክ ዊልቸር ደግሞ ሌላ መቆለፊያ አለው። ባትሪ መቀየር ወይም ጆይስቲኩን ማስተካከል እንኳ ለአምራቹ ብቻ የተፈቀደ የሶፍትዌር መክፈቻ ሊጠይቅ ይችላል። ሰውየው ቴክኒሻን እስኪመጣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። የኮሎራዶ ግዛት አካል ጉዳተኞች ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ይህንኑ መሰከሩ፤ በ2022 ግዛቱ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ዊልቸር የጥገና መብት ሕግ አወጣ። ከጥር 2023 ጀምሮ አምራቾች መለዋወጫውን፣ መመሪያውንና የሶፍትዌር መክፈቻውን ለባለቤቱና እሱ ለመረጠው ጠጋኝ ማቅረብ አለባቸው።